ቀስ ብሎ ይምጣ

አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ
ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ኤርጎጌ፣

ባለፈው እሑድ የባለቤትዎን ስልክ ያነሳችው ሴት እኔ ነኝ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ ዘግቼብዎ አይደለም፤ መስመሩ ነው የተቋረጠው። ጋሽ ዱካሞ ከተማ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ነበር። ደጋግሞ ሲጮህ የቸገረው ሰው ይሆናል ብዬ አነሳሁት። ሲመለስ ነገርኩት፤ በጣም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና፣ «አይ፣ ኤርጎጌን አታውቂያትም። እኔ ባስረዳት የባሰ ነው፤ አንቺው ራስሽ ጻፊላት» አለኝ። አድራሻ የሰጠኝም እሱ ነው።

ስሜ ሱሀይላ ዩሱፍ ነው። የወራቤ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ አዲስ አበባ። ለዓመታት የአውሮፕላን ትኬት ስሸጥ ኖርኩ። ሰው አዲስ አበባ ቁርሱን በልቶ ጆሃንስበርግ ለምሳው ይደርሳል፤ በመሀል ያለው አገር ሁሉ ለእሱ የለም። ቀስ በቀስ ይህ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። በዚያ ላይ የአውሮፕላኑ ጭስ ሰማዩን እንደሚያሞቀው፣ ዝናቡን እንደሚያዛባው አነበብኩ። ለዚህ ሲሉ አውሮፕላን የማይሳፈሩ ፈረንጆችም ቢሮዬ መጥተው፣ «በምድር ብቻ ደቡብ አፍሪካ መድረስ ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ሥራዬን ለቅቄ፣ ሰውን በአውቶቡስና በባቡር የሚያጓጉዝ ድርጅት ልከፍት ወሰንኩ። መጀመሪያ ግን መንገዱን ራሴ ልየው ብዬ ጥር ላይ ወጣሁ። በሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ዳሬሰላም፣ ከዚያ በባቡር ዛምቢያ፣ ከዛምቢያ በዚምባብዌ በኩል እዚህ። በደረስኩ በሳምንቱ በኮሮና ምክንያት አገሩ ተዘጋ። ሆቴሉም ተዘጋ።

የአክስቴ ልጅ ሙሰብ ጂፒ በሚባለው የእኛ ሰዎች ሰፈር ጅምላ ይሸጣል፤ ጋሽ ዱካሞ ደንበኛው ነው። ሙሰብ ከወንዶች ጋር አንድ ቤት ስለሚኖር እኔን ማሳደር አልቻለም። ጋሽ ዱካሞ ሱቁ ላለበት ግቢ ባለቤት፣ ለጎጎ ኖምቩላ ነገረልኝ። ጎጎ ማለት በእነሱ አያት ማለት ነው። እኔ የማድረው እሷ ቤት ነው። ጋሽ ዱካሞና ሱቁን አብሮት የሚሠራው ሙሉቀን እንደ ድሮው ሱቃቸው ውስጥ ያድራሉ። በመሀላችን ግቢው አለ፣ ከግቢው በላይ ደግሞ የጎጎ ዓይን አለ። እሷን አልፎ ድመትም አይገባም።

ጋሽ ዱካሞም በምድር እንደመጣ ሰማሁ፤ ስለ መንገዱ ነግሮዎት ያውቃል? ስላስደነገጥኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሱሀይላ


ሌሞ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ
ግንቦት 3 ቀን 2012

ለሱሀይላ፣

አንቱታው ይቅርብኝ፤ በጌታ፣ አንቺ በይኝ። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ የተናገርኩትን አልሰማሽም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ዲቦራ ግን ሰምታለች፤ እስካሁን ታሾፍብኛለች።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ መምህር ደሳለኝ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ከስልኩ ላይ በእጁ ገልብጦ ይሰጠኛል፤ የእኔንም ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ጽሑፌ ካስቸገረሽ በእሱ አትፍረጂ።

ስለ መንገዱ ነግሮኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አልነገረኝም። ሲሄድ ዲቦራ ጡት አልጣለችም ነበር፤ አሁን ትከሻዬ ጋ ደርሳለች። ይህን ሁሉ ጊዜ በስልክ የሚለኝ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ እናንተስ?» ነው። እኔም «ደህና ነን» እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ሂሳቡ ያልቃል። አሁን አንቺን እግዜር አጠገቡ አስቀምጦልኛልና እስቲ ንገሪኝ። ደህና ነኝ ሲል ምን መስሎ ነው? ከስቷል? ሸብቷል? ምሳውን ከማን ጋር ይበላል? ይስቃል ብለሻል፤ ሲስቅ አሁንም አፉን በእጁ ይሸፍናል?

ስለ ዝናቡ እውነትሽን ነው። እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲመጣ ይደፋዋል፣ ሲቀር ይቀራል። ግን በአውሮፕላን ጭስ ከሆነ የእኛ ቤት ሰው አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። ዱካሞም የሄደው በእግሩና በመኪና ነው። አንቺ በፈቃድሽ ሄድሽ፤ እሱ ግን ወዶ አልነበረም።

እህትሽ ኤርጎጌ


አይቮሪ ፓርክ
ሰኔ 6 ቀን 2012

እትዬ ኤርጎጌ፣

አዎ፣ ይሸፍናል። ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ልብ አላልኩትም ነበር፤ አሁን ባየሁት ቁጥር አንቺን አስብሻለሁ።

ከስቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ። ሱቁ እዚህ ስፓዛ ይባላል፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ገዢው ከውጭ እጁን በፍርግርጉ አስገብቶ ይቀበላል። ሁሉም «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል። ስሙን የምታውቀው ጎጎ ብቻ ናት፤ እሷም «ዱካ» ነው የምትለው። ሕፃናት ሲመጡ በዙሉ ሰላም ይላቸዋል፣ እየተሳሳተ፤ እነሱ እየሳቁ ያርሙታል። ከሕፃናቱ ጋር ሲሆን ነው ሰው የሚመስለው።

ስለ መንገዱ የማውቀውን ልጻፍልሽ ብዬ ጠየቅሁት። «ምኑን ትጽፊላታለሽ?» አለኝ። ከዚያ እሱ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሞያሌን እንዴት አለፍሽ?»

«ፓስፖርቴ ላይ ማህተም መትተውልኝ።»

«እኔ በጫካ ዞሬ። ናይሮቢስ?»

«ሆቴል አደርኩ።»

«እኛን ብዙ ሆነን አንድ ክፍል ቆለፉብን። ታንዛኒያስ?»

«በባቡር። በመስኮት ቀጭኔ እያየሁ።»

«ቀጭኔ አለ እንዴ?» አለኝ። «እኔ ሸራ ሥር ነበርኩ። ያን ሁሉ አገር አለፍኩ፤ አንዱንም አላየሁትም። እስቲ ንገሪኝ፤ ታንዛኒያ ምን ትመስላለች?»

ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሲቀዘቅዝ ፍርግርጉ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንድ አንድ አገር ይጠይቀኛል። ማላዊን ግን ልነግረው አልቻልኩም፤ እኔ በዛምቢያ ነው የመጣሁት። የማላዊን ነገር እሱም መናገር አይፈልግም። ከእሱ ጋር የነበረ አንድ ልጅ እዚያ እንደቀረ ብቻ ነግሮኛል። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም፤ አንቺም አትጠይቂው።

በስልክ የመመለሻ አውሮፕላን መጥቶልሽ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ አዎ። የኢትዮጵያ ሰዎችን ሊመልስ መጥቶ ስሜን አስመዝግቤ ነበር፤ ኋላ ሰረዝኩት። እህቴ ፈይሩዝ ስልክ ላይ አለቀሰች። «መንገድ ለመሸጥ ብለሽ መንገድ ላይ ልትቀሪ ነው?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሰማዩ አስቤ ይሁን ለኩራቴ አላውቅም። በአውሮፕላን ከተመለስኩ የጀመርኩት ነገር ሁሉ ጨዋታ ይሆንብኛል። ጋሽ ዱካሞን «ምን ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሞኝ ነሽ» አለኝ። «እኔን ቤትህ ግባ ቢሉኝ ጫማዬን እስካስር አልቆይም።» እሱ እንግዲህ በጥገኝነት ወረቀት ነው ያለው፤ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ መንገድ ላይ ከያዙት ደግሞ እስር ነው።

ብርዱ ጀምሯል። ማታ ማታ ጎጎ ሬዲዮዋን ትከፍታለች፤ የማልሰማውን ቋንቋ እያዳመጥኩ እተኛለሁ።

ሱሀይላ


አይቮሪ ፓርክ
ሐምሌ 20 ቀን 2012

እትዬ ኤርጎጌ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ዛሬ አንድ ላይ ደረሱኝ፤ እናንተ ጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደሰነበተ ሰምተናል። ስላልመለስኩልሽ አትቀየሚኝ። ስልክ ስትደውዪ ያላነሳሁትም ንቄሽ አይደለም፤ ሳል ይዞኝ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። አሁን ተሽሎኛል።

የሱቁ ስልክ ሙሉቀን ጋ ነው፤ ሥራ ስለበዛበት አይፈረድበትም። ብርዱ በጣም ጠንክሯል፤ ጠዋት የግቢው ውኃ ቧንቧው ላይ በረዶ ይሆናል። ጎጎ ጉልበቷን ያማታል፤ ቅባት እቀባታለሁ። በዚህ ወር ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሰው ታመመ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ክሊኒኩም፣ ዳቦውም። ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ነበር፣ መልሰው ዘጓቸው። ዲቦራ ቤት ውስጥ እያነበበች እንደሆነ ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ሒሳብ እንዳትተው ንገሪያት።

ድንበሩ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። የጠየቅሽኝን ሌላውን ነገር ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። እባክሽ ራስሽን ጠብቂ፤ ብቻሽን አትቀመጪ።

ሱሀይላ


ሌሞ
ነሐሴ 5 ቀን 2012

ሱሀይላ እህቴ፣

ደብዳቤሽን እኔም አነበብኩት፣ ዲቦራም አነበበችልኝ። ስለ ብርዱ አለ፣ ስለ ጎጎ ጉልበት አለ፣ ስለ ዳቦ ሰልፍ አለ። የእሱ ስም ግን አንድም ቦታ የለም።

ሰው ሲበዛብኝ ነው የጠረጠርኩት። ሰላም ብለውኝ የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ስለ ላሜ ይጠይቁኛል። መጋቢያችን መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ በኮሮናው ምክንያት አልገባም አለ። ስለ እንሰቱ ጠየቀኝ፤ ስለ ጣራው ጠየቀኝ፤ ዓይኑ ግን ዲቦራ ላይ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ሳልጠራው መጥቶ እንጨት ፈለጠልኝ። መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ ሰው ሳይሰበሰብም መርዶ ስለማይነገር ተቸግረዋል። በስልክ መንገርም ነውር ሆኖባቸዋል። አዝኜላቸዋለሁ።

እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ያን ቃል በወረቀት አትጻፊው። ፎቶ ተነስቶ በአየር እንዳይመጣብኝ። አንቺ ቀስ ብለሽ በምድር ነው የምሄደው ብለሽ የለ? እንግዲያው አንቺው አምጪልኝ። ድንበሩ ሲከፈት፣ እሱ በሄደበት መንገድ እየተመለስሽ፣ አንድ አንድ አገር እያለፍሽ ነይ። በሬ ላይ ቆመሽ በአፍሽ ንገሪኝ። አንቺ እስክትደርሺ ባል አለኝ። ለመጋቢውም፣ ለወንድሜም፣ «መልእክተኛዬ መንገድ ላይ ናት፤ እስከዚያ አልሰማሁም» ብያቸዋለሁ። ለዲቦራም እንዳይነግሯት አስምያቸዋለሁ።

ጭካኔ ነው የጠየቅሁሽ፤ አውቃለሁ። አውሮፕላኑን ከተሳፈርሽም አልቀየምሽም። ግን ቶሎ አይምጣብኝ። ቀስ ብሎ ይምጣ።

ኤርጎጌ


አይቮሪ ፓርክ
ነሐሴ 21 ቀን 2012

እትዬ ኤርጎጌ፣

እሺ።

ሙሰብ ትኬት ገዝቼ ልስደድሽ ብሎኝ ነበር፤ በምድር ነው አልኩት። እስከ ዛሬ በምድር የምሄደው ለሥራዬ ነበር፤ ለሰማዩም ነበር። አሁን የሚጠብቀኝ ሰው አለ።

ድንበሩ እንደተዘጋ ነው። ሥራ እንዳልፈታ ሙሉቀንን ሱቅ አግዘዋለሁ። ከፍርግርጉ ኋላ ቆሜ ምሳዬን እበላለሁ።

ሱሀይላ


ሉሳካ፣ ዛምቢያ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2013

እትዬ ኤርጎጌ፣

ድንበሩ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ከጆሃንስበርግ ወጣሁ። የዚምባብዌ ድንበር ላይ ለኮሮና ምርመራ ብዙ አቆሙን፤ ሰልፉ ውስጥ ቆሜ አደርኩ። አውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ነው። አጠገቤ ማንም አይቀመጥም፤ ሰው ሰውን ይፈራል።

ስሄድ እያንዳንዱን ነገር እመዘግብ ነበር፤ የት ንጹሕ መጸዳጃ እንዳለ፣ የት ሹፌሩ እንደሚቸኩል። አሁን የምጽፈው የለኝም። ዝናቡ ስለገባ አገሩ ሁሉ ለምልሟል። አንዳንድ ጊዜ አውቶቡሱ ሲፈጥን ሹፌሩን ቀስ በል ልለው እነሳና እቀመጣለሁ። የምቸኩለው አንቺን ላለማስጠበቅ ነው፤ የምዘገየውም ለአንቺው ነው። የቱ እንደሚሻል ንገሪኝ።

ሱሀይላ


ሌሞ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2013

ሱሀይላ፣

አትቸኩይ። መምህር ደሳለኝ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ መንገድሽን አሳየኝ። ዛሬ ባቡሩ ላይ ነሽ ይለኛል። እንሰት እየፋቅሁ «አሁን ባቡር ላይ ናት» እላለሁ። ዲቦራ «ማን?» ስትለኝ «እንግዳ» አልኳት።

በልተሽ ተኚ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ዕቃ ሲከብደው ያወርዳል፤ አንቺ የያዝሽው አይወርድም። አውቃለሁ።

ግቢው ተጠርጓል። ሰዎቹም ተነግሯቸዋል። ስትደርሺ እንዳታለቅሺ አልልሽም።

ኤርጎጌ


አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2014

እትዬ ኤርጎጌ፣

በሩ ላይ ቆሜ ስለ ጋሽ ዱካሞ ሞት ከነገርኩሽ ዓመት አለፈው። ለዓመቱ መታሰቢያ ስላልመጣሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሥራ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ግቢሽን ማየት አልቻልኩም።

አሁን ለጠየቅሽኝ ነገር ልመልስ። አዎ፣ ይቻላል። አንቺም መቃብሩ ድረስ መሄድ ትችያለሽ።

ስለ ቢሮዬ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ የምድር ጉዞ የሚል ጽፌ፣ ፈረንጆቹን ጠበቅሁ። አንድም አልመጣም። ኮሮናው አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ፈይሩዝ «ማንም የማይፈልገውን መንገድ ነው የምትሸጪው» ትለኝ ነበር፤ እኔም ልዘጋው ደርሼ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ከሆሳዕና መጡ። ለቅሶሽ ላይ ያዩኝ ናቸው። አንደኛዋ የአለምወርቅ ትባላለች፤ ልጇ ጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። «ያን ጊዜ በመኪና ነው የመጣሁት ብለሽ ነበር። ለእኛ አይነት ሰውም መንገዱ ክፍት ነው?» አለችኝ። አውሮፕላን ትፈራለች። ደግሞም፣ «ልጄ የተንገላታበትን ሳላይ ላዩን በርሬ እንዴት አገኘዋለሁ?» አለችኝ።

ለፈረንጅ ብዬ የሠራሁትን መንገድ ለእሷ አስተካከልኩት። ማረፊያውን ሴቶች የሚያድሩበት አደረግሁ፣ የምግቡን ነገር አየሁ፣ ፓስፖርትና ቪዛ የሚያስጨርስ ሰው ቀጠርኩ። በለጥሽ የምትባል፣ ስዋሂሊ የምታውቅ ሴት አብራቸው ትጓዛለች። የአለምወርቅ ልጇን አይታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት እናቶችና ሚስቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚሄዱት ሰው ሊያዩ ነው፤ አንዳንዶቹ መቃብር። ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ሀብታም አያደርግም፤ ቢሮው ግን አልተዘጋም።

የአንቺን ቪዛ በተመለከተ አላታልልሽም፤ መጀመሪያ ይከለክሉሻል። ሙሉቀን የመኖሪያ ፈቃድ ስላገኘ እሱ ይጠራሽ። ከከለከሉሽ ደግመን እንጠይቃለን። በዚህ ሥራ የተማርኩት መድገም ነው።

እኔ አብሬሽ አልሄድም። መንገዱ ላይ አንቺና አገሩ ብቻ ብትሆኑ ይሻላል። እኔን እያየሽ ያን ቀን እንድታስቢ አልፈልግም።

ሱሀይላ


አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 9 ቀን 2014

ለእህቴ ለሱሀይላ፣

ደርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ከልክለውኝ በሦስተኛው የሰጡኝን ቪዛ ድንበር ላይ ያለችው ልጅ ገልብጣ ገልብጣ አይታ፣ «ለምን መጣሽ?» አለችኝ። በለጥሽ በእንግሊዝኛ ልትመልስልኝ ስትል እኔ በራሴ «ሀዝባንድ» አልኩ። ማህተሙን መታችልኝ።

አስቀድሜ መቀየሜን ልንገርሽ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ጎጎ ኖምቩላ አሁን መቆም አትችልም፤ ወንበር ላይ ሆና እጄን ይዛ ብዙ ተናገረች፤ ሙሉቀን አስተረጎመልኝ።

«ያቺ ልጅ የት አለች?» አለችኝ፣ አንቺን ማለቷ ነው።

«አገሯ ናት።»

«ዱካ የታመመ ጊዜ መኪና ጠርተን ማንም አልመጣ ሲል፣ እሷ ናት ከሙሉቀን ጋር ደግፋ የወሰደችው። ሆስፒታሉ አላስገባም አላት። በየቀኑ ሾርባ ይዛ በሩ ላይ ትቆም ነበር። ሾርባውን የሚቀበላት አልነበረም። ይዛው ትመለስና በማግስቱ ደግሞ ትሠራለች። ኋላ እሷም ታመመች። እዚህ አልጋ ላይ ተኝታ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እሷንም እናጣታለን ብዬ ነበር።»

ይህን ለምን አልነገርሽኝም? በሬ ላይ ቆመሽ የእሱን ነገርሽኝ፤ የራስሽን ዋጥሽው። ድምፄ ጠፍቶ ነበር ያልሽኝ ያን ጊዜ ነው ለካ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሆነሽ የተነሳሽውን ሰው፣ በዚያ ሁሉ አገር መርዶ ተሸክመሽ ነይ አልኩሽ። አንቺ እሺ ብቻ አልሽ። ጎጎ ፊት አለቀስኩ፤ ለእሱ ያላለቀስኩትን ያህል። እሷ የምን እንደሆነ አልገባትም፤ ብቻ እጄን አልለቀቀችም።

መቃብሩን ሙሉቀን አሳየኝ። ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለውም። ያን ዓመት የሞቱት ሁሉ አንድ ረድፍ ናቸው፣ የዚህ አገር ሰውም፣ ከሌላ አገር የመጣውም። ከስሙ ላይ አንድ ፊደል አሳስተዋል። ሙሉቀን «እናስተካክለዋለን» አለኝ። ቁጭ ብዬ፣ አንቺ እንደነገርሽው፣ ከቤታችን ጀምሬ መንገዱን ነገርኩት። የት ዝናብ እንደያዘን፣ የት ሻይ እንደጠጣን። በለጥሽን ለምኜ በማላዊ በኩል ነው የመጣነው፤ ለአንቺ እንዳትነግርሽ ብያት ነበር፣ መንገድሽን ቀየርኩብሽ። ማላዊ ትልቅ ሐይቅ አላት። ውኃው እንደ ሰማይ ነው፤ ወዲያ ማዶ አይታይም። እሱ ያላየውን፣ አንቺም ያልነገርሽውን ነገርኩት። ያ የቀረው ልጅ ስሙን እንኳ ስለማላውቅ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ጸለይኩለትና አለፍኩ።

ሱቁ ውስጥ አንድ ቀን ከፍርግርጉ ኋላ ቆምኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አስገብታ ሳንቲም ሰጠችኝና የምትፈልገውን በዙሉ ነገረችኝ። አልገባኝም። በጣቷ አሳየችኝ፤ ዳቦ ነበር። ሰጠኋት። «ታንኪው፣ ማይ ፍሬንድ» ብላ ሮጠች። ዱካሞ በዚህ ቃል ስንት ዘመን እንደኖረ አሰብኩ። ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም፤ ቀጣዩ ገዢ መጥቶ ነበር።

እዚህ ያሉት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግ ናቸው። «እዚህ ድረስ ተንገላተሽ፣ መመለሻሽን በአውሮፕላን እናድርግልሽ፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቤትሽ ነሽ» አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ስድብ እንዳይመስላቸው ብዙ አመሰገንኳቸው። እንዴት ላስረዳቸው? ያን ሁሉ ዓመት ሰው «የት ነው ባልሽ?» ሲለኝ «ሩቅ» እል ነበር፤ ሩቅ የሚባል ጨለማ ውስጥ ነበር ለእኔ። አሁን የት የት እንደሆነ አውቃለሁ። ቀይ አፈር የሚጀምርበትን አውቃለሁ፣ ሙዙ የሚያልቅበትን አውቃለሁ፣ ሰው ሰላምታውን የሚቀይርበትን አውቃለሁ። እንሰት እየፋቅሁ ዓይኔን ብጨፍን ሳልጠፋ እሱ ዘንድ እደርሳለሁ። በአውሮፕላን ከተመለስኩ ይህን የሚነጥቁኝ ይመስለኛል።

ለዲቦራ ደውዬ ነገርኳት። «እማዬ፣ አንቺም መንገደኛ ሆንሽ» ብላ ሳቀችብኝና፣ ቀስ ብላ ደግሞ «እኔንም ውሰጂኝ» አለችኝ። ትምህርቷን ስትጨርስ አንቺ ቢሮ እንድትሠራ ብጠይቅሽ ታስቢበት ይሆን? መንገድ መጠየቅ ትወዳለች።

አውቶቡሱ ሐሙስ ይነሳል። ስመጣ በቀኝ በኩል መስኮት ዳር ነበርኩ። ሙሉቀን፣ «ስትመለሺም በዚያው በቀኝ ተቀመጪ፤ ያኔ የሚታይሽ ሌላኛው ጎን ነው» አለኝ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በለጥሽን፣ በቀኝ ያዢልኝ አልኳት።

ኤርጎጌ